በር የሚያንኳኩ ሰዎች
(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ በናይሮቢ የቀረበ ንግግር)




የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ሰፈር በጎ ፈቃደኞቻችን እንድንናገር እኛን ባለሱቆችን ጋብዞናል። ብዙ የተማርን ተናጋሪዎች አይደለንም። ሆኖም ሱቅ የሰፈሩ ኑሮ የሚታይበት ቦታ ስለሆነ ያየነውን እንናገራለን።

ባለሱቅ ማን እንደታመመ ከሐኪም ቀድሞ ያውቃል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በየቀኑ ዳቦና ወተት የሚገዛ ሰው ሦስት ቀን ሲጠፋ እናስተውላለን። ስኳር በኪሎ ይወስድ የነበረ ቤት ሩብ ኪሎ ሲጠይቅ፣ የዱቤ ደብተሩም ላይ ስሙ ሲደጋገም፣ በዚያ ቤት አንድ ችግር እንደገባ ይገባናል። ይሁን እንጂ ማወቅ ብቻውን ለማንም አይደርስም፤ ሄዶ በሩን የሚያንኳኳ ሰው ያስፈልጋል። ዛሬ የምናመሰግናቸው በጎ ፈቃደኞቻችን እነዚያ በር የሚያንኳኩ ሰዎች ናቸው።

ከሀገራችን ስንወጣ ይዘናቸው ከመጣናቸው ነገሮች ሁሉ ትልቁ እድር ነው። እድር በሀገራችን በተለይ ከ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወዲህ ከከተሞች ጋር አብሮ ያደገ፣ ከየአቅጣጫው መጥቶ በአንድ ሰፈር የተቀመጠ ሕዝብ የሚቀባበርበት ማኅበር ነው። ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ ገንዘብ ያዡ፣ ጡሩንባ ነፊው፣ ድንኳኑና ድስቱ ሁሉም የታወቀ ነው። እዚህ ናይሮቢ የጡሩንባውን ቦታ ስልክ ይዞታል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ኤምፔሳ ከመጣ ወዲህ ደግሞ መዋጮውም በስልክ ይላካል። ሥርዓቱ ግን ያው ነው፤ ሐዘን የደረሰበት ሰው ብቻውን አይቀመጥም።

ሆኖም እድር የሚጠራን ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ሀገር ቤት ይህ ክፍተት ብዙም አይታይም፤ ዘመድ አለ፣ አብሮ አደግ አለ፣ «ቡና ጠጡ» ብላ የምትጣራ ጎረቤት አለች። እዚህ ግን በአራተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን የሚኖር ሰው አለ። ቋንቋውን ገና ያልለመደች አራስ አለች። ልጆቻቸው ወደ ሌላ አገር ሄደውባቸው ብቻቸውን የቀሩ አዛውንት አሉ። ለቀብራቸው ሰፈሩ በሙሉ የሚወጣላቸው እነዚህ ሰዎች፣ በሕይወት ሳሉ ሳምንቱን ሙሉ አንድ ሰው እንኳ ላይጠይቃቸው ይችላል። የበጎ ፈቃደኞቻችን ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከኢስሊ እስከ ሃርሊንግሃም ያለው አባል በየሰፈሩ ተከፋፍሎ ለአሥር ቤት አንድ በጎ ፈቃደኛ ይመደባል። አሥር ቤት የሚለው ቁጥር ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። የኬንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2013 «ኙምባ ኩሚ» ማለትም «አሥር ቤት» የተባለውን አሠራር ያስተዋወቀው ጎረቤት ጎረቤቱን አውቆ የሰፈሩን ጸጥታ እንዲጠብቅ ነበር። የእኛዎቹ ቁጥሩን ተውሰው ለመጠያየቅ አዋሉት።

በጎ ፈቃደኛዋ በአሥሩ ቤት ማን እንዳለ ታውቃለች፤ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ በአካል ትጠይቃለች። የታመመ ሲኖር ክሊኒክ አብራ ትሄዳለች፣ ታስተረጉማለች። ለአራስ ገንፎ የሚያገነፉ እናቶችን ታስተባብራለች። አዲስ የመጣ ቤተሰብ ልጁን ትምህርት ቤት ሲያስመዘግብ ትረዳለች፤ የመኖሪያ ፈቃድ የሚያበቃበትን ቀንም ቀድማ ታስታውሳለች። በየቤቱ የሰማችውን ምስጢር ግን ወደ ሱቅ ይዛ አትመጣም፤ እኛም አንጠይቃትም። የዚህ ሥራ ዋናው ዋስትና ይህ ነው። ምስጢሩ የወጣበት ሰው ሁለተኛ በሩን አይከፍትም።

አሥሩ ቤት ሲቆጠር አንድ ጥያቄ ተነሣ። በአንድ ፎቅ ላይ ካሉት ቤቶች ሁለቱ የእኛ ሲሆኑ የቀሩት የኬንያውያን ናቸው። ታዲያ ጎረቤት የሚባለው ማን ነው? አንዳንድ አባሎቻችን «የእድር ንብረት ለአባል ብቻ ነው» ብለው ተከራከሩ። ድንኳኑና ወንበሩ ለዓመታት ከተጠራቀመ መዋጮ የተገዛ በመሆኑ ክርክራቸው በቀላሉ የሚታለፍ አልነበረም። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው፤ ገንዘቡ የአባላት ሆኖ ይቆያል፤ ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስትና ጉልበት ግን ሐዘን ለደረሰበት ጎረቤት ሁሉ ይወጣል፤ የተበላሸ ዕቃ ካለ የተዋሰው ያሠራል።

በዚህም ምክንያት ከጎረቤቶቻችን ብዙ ተምረናል። ኬንያውያንም ሰው ሲሞትባቸው ማታ ማታ በሐዘን ቤት ይሰበሰባሉ፤ «ማታንጋ» ይሉታል። ሬሳው ወደ ትውልድ መንደሩ እስኪሸኝ ድረስ «ሃራምቤ» ብለው ያዋጣሉ። «ቻማ» የሚሉትም ከእኛ ዕቁብ ጋር ይመሳሰላል። እናትን በልጅዋ ስም «ማማ እገሌ» ብለው ይጠራሉ፤ እኛም «የእገሌ እናት» እንላለን። ጠዋት ሁለት ሰዓት በስዋሂሊም ሁለት ሰዓት ነው። በሱቃችን እንኳ ስኳር «ሱካሪ»፣ ሳሙና «ሳቡኒ»፣ ሳህን «ሳሃኒ» ይባላል። ለመግባባት ግማሹ መንገድ የተጠረገ ነው።

ነገሩ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይምሰለን። እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ ምርጫውን ተከትሎ በተነሣው ግጭት በዚህ አገር ከ1,000 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በዚያ ሰሞን ለሱቅ ከብረት መዝጊያው ይልቅ የሚያስተማምነው «ይህን ሰው እናውቀዋለን» የሚል ጎረቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት የሰዓት እላፊ ሲታወጅና ከናይሮቢ መውጣት ሲከለከል፣ ማታ መድኃኒት ያለቀበት ሰው ማንኳኳት የሚችለው ግድግዳ የሚጋራውን ጎረቤቱን ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 2024 ጎርፍ በማታሬ ብዙ ቤቶችን ሲያወድም፣ ወጣቶቻችን ከኬንያውያን ጓደኞቻቸው ጋር ብርድ ልብስና ምግብ ተሸክመው ወጥተዋል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው የአባቶቻችን አባባል በስደት አገር በተግባር የሚታይ እውነት ነው።

ክቡራትና ክቡራን፣

ቀኑ የበዓል ቀን ቢሆንም የምንጠይቃችሁ ነገር አለን። በጎ ፈቃደኞቻችን ጥቂቶች ናቸው። አብዛኞቹ ሥራ ውለው፣ ልጆቻቸውን አብልተው ከዚያ በኋላ የሚወጡ እናቶች ናቸው። ጭብጨባችን ደስ ያሰኛቸው ይሆናል እንጂ ድካማቸውን አያቃልልም። ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ከየቤቱ አንድ ሰው በወር ሁለት ሰዓት ይስጥ። አሥር ቤት ለአንድ ሰው ሲበዛ አምስት አምስት አድርጎ መካፈል ይቻላል።

ሁለተኛ፣ ልጆቻችን፣ ወላጆቻችሁ ዛሬም የሚቸገሩበትን ስዋሂሊ እናንተ እንደ አፍ መፍቻ ትናገሩታላችሁ። ከታመመ ሰው ጋር ክሊኒክ ለመሄድ ከእናንተ የተሻለ አስተርጓሚ የለም።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ቤት በዚህ ወር ሐበሻ ያልሆነ አንድ ጎረቤት ቡና ይጥራ። አቦል፣ ቶናና በረካ እስኪጠጣ ድረስ ስም ለመጠየቅም ችግር ለመስማትም በቂ ጊዜ አለ።

ከዚህ ስትወጡ በበሩ አጠገብ መዝገብ ታገኛላችሁ። ስማችሁንና የምትኖሩበትን ሰፈር ጻፉልን።

ለበጎ ፈቃደኞቻችን ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥልን። ለ50ኛው ዓመት በዓላችን ሁላችንንም በሰላም ያድርሰን።