ዶክተሩ ኮምፒውተሩን ሲያይ

(ጅዳ ላይ በጁምዓ ስብሰባችን ከተናገርኩት የተጻፈ)

ከመካ ድረስ የመጣችሁ እህቶች፣ የሳምንት አንድ እረፍታችሁን ለዚህ ስለሰጣችሁ አላህ ይስጥልን። እኔ ንግግር አላውቅም። አስረኛ ክፍል ጨርሼ ነው ከወሎ የወጣሁት። ኮሚቴው «ስለ ሕክምና አንድ ነገር በይ» ሲለኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። በኋላ ግን መናገር ያለብኝ ነገር እንዳለ ስለማውቅ እሺ አልኩ።

ስንቶቻችን ነን ሙስተሽፋ ሄደን «ዶክተሩ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም» እያልን የተመለስን? አንቺ ሆዴን ትያለሽ፣ እሱ ኪቦርዱን ይመታል። አንተ ወገቤን ትላለህ፣ እሱ አይኑ ስክሪኑ ላይ ነው። እኔ ይህን ንቀት ነው ብዬ አምን ነበር። ሐበሻ ስለሆንን፣ የቤት ሠራተኛ ስለሆንን ነው እል ነበር። ንቀት የለም አልላችሁም፣ አለ። ግን ሁሉም ንቀት አይደለም።

ነርስ የሆነችው እህታችን ናት ነገሩን ያስረዳችኝ። (ስሟን አትጥሪብኝ ብላኛለች፣ ከኋላ ተቀምጣለች፣ አትዙሩ!) አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞችን በሥራ ቦታቸው ተከታትለው ያዩ ሰዎች ነበሩ አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት ነው። ሐኪሙ ከበሽተኛ ጋር ፊት ለፊት ለሚያሳልፈው አንድ ሰዓት፣ ወደ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ በኮምፒውተርና በጠረጴዛ ሥራ ላይ ያጠፋል። ማታም ቤቱ ገብቶ ተጨማሪ አንድ ሁለት ሰዓት ይጽፋል። እዚህ ሳዑዲ ደግሞ ታሚን ያለው በሽተኛ ሲመጣ፣ የበሽታው ቁጥር፣ የምርመራው ምክንያት፣ የመድኃኒቱ ስም፣ ሁሉም በኮምፒውተር ተሞልቶ «ነፊስ» በሚባለው የመንግሥት መስመር ለኢንሹራንሱ ይሄዳል። ካልተሞላ ክፍያ የለም። ቋንቋውንም አስቡት። እኛ በአማርኛ አስበን በተሰባበረ አረብኛ እንናገራለን፣ ግብፃዊው ወይም ሱዳናዊው ዶክተር በአረብኛ ይሰማል፣ የሚጽፈው ግን በእንግሊዝኛ ነው። አንድ የሆድ ቁርጠት ሦስት ቋንቋ ያቋርጣል።

ይህን ስትነግረኝ ትዝ ያለኝ የራሴ ሥራ ነው። የአሁኗ ማዳሜ ጥሩ ሴት ናት፣ አልዋሽም። ግን ውጭ ስለምትሠራ እያንዳንዱን ክፍል ካጸዳሁ በኋላ ፎቶ አንስቼ በዋትሳፕ እንድልክላት ትፈልጋለች። ሳሎኑ ፎቶ፣ መታጠቢያው ፎቶ፣ ሕፃኑ የበላበት ሳህን ፎቶ። አንድ ቀን ፎቶ ስልክ ሩዙ አረረብኝ። መሥራቴን ሳሳይ ሥራው ተበላሸ። ያን ቀን ለዶክተሩ አዘንኩለት።

ሀገራችንም ያው ነው። የአክስቴ ልጅ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ከየቀበሌው አስረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶችን መርጠው፣ አንድ ዓመት አሠልጥነው፣ ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሁለት አድርገው አሰማሯቸው። እሷ ዕድሉ ደረሳት፣ እኔ አልደረሰኝም፣ እኔ ወደዚህ መጣሁ። የእያንዳንዱን ቤተሰብ የእርግዝና፣ የክትባት፣ የመጸዳጃ ቤት ጉዳይ በቤተሰብ ማህደር ትመዘግባለች። በ2010 ዓ.ም. ገደማ ታብሌት መጣ። ሥራ ያቀላል ተባለ፣ በእርግጥም ወረቀቱን ቢተካ ያቀላል። እሷ ጋ ግን ወረቀቱም አልቀረም፣ ታብሌቱም ተጨመረ። አንዷን ነፍሰ ጡር ሁለት ጊዜ ትጽፋታለች። በስልክ «ሦስት ቤት ላዳርስ ወጥቼ አንዱን ቤት አዳርሼ፣ ሁለቱን ቤት ስጽፍ መሸ» አለችኝ። ሳቅን፣ ግን የሚያስቅ አይደለም። ያልተዳረሱት ሁለት ቤቶች ውስጥ ማን እንዳለ ማን ያውቃል?

መፍትሔ የለውም ማለት አይደለም። በሐዋይ «ሐዋይ ፓሲፊክ ሄልዝ» የሚባል ድርጅት ሠራተኞቹን «ከምትሞሉት ውስጥ የማይረባው የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ነው ታሪኩ በመጽሔት የወጣው። አንዷ ነርስ፣ ትልልቅ ልጆችን የምታክም፣ ስለ እትብት የሚጠይቅ መስመር ይነሳልኝ አለች። እትብት እኮ! የአራስ ልጅ ጥያቄ በሁሉም ሰው ፎርም ላይ ተቀምጦ ኖሯል። ሌላው ደግሞ ነርሶች በየሰዓቱ በሽተኛውን ማየታቸውን የሚያረጋግጡበት ክሊክ ነበር። አንዷ ክሊክ ሃያ አራት ሰከንድ ብቻ ናት። ሲያነሷት በአራቱ ሆስፒታሎች በወር ወደ 1,700 የነርስ ሰዓት ተረፈ። እኔን የገረመኝ ቁጥሩ አይደለም፣ ሠራተኛዋን መጠየቃቸው ነው። እኛን ማን ጠይቆን ያውቃል?

አሁን ደግሞ ዶክተሩና በሽተኛው ሲነጋገሩ እየሰማ ራሱ የሚጽፍ ፕሮግራም መጥቷል። ዶክተሩ ቀና ብሎ ያያል፣ ማሽኑ ይጽፋል። ጥሩ ነው፣ ግን የኛን አረብኛ ይሰማው ይሆን? እኔ ማዳሜ እንኳ ግማሹን አትሰማኝም። ድምፃችሁ የሚቀዳ ከሆነ ጠይቁ፣ የተጻፈውንም በቃል ያንብቡላችሁ በሉ።

እንግዲህ ወደ ራሴ ልምጣ። ይህን በስብሰባ ለመናገር ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ያኔ እዚሁ ጅዳ ነበርኩ። አሠሪዬ ታሚን አውጥቶልኝ ነበር፣ የጓደኛዬ ግን አላወጣላትም። ውኃ ይጠማታል፣ ሌሊት ደጋግማ ትነሳለች፣ ከሳች። «ኢቃማሽን አውሺኝ፣ አንድ ቀን ብቻ» አለችኝ። ሰጠኋት። ሐበሻ ለሐበሻ ፊቱ አንድ ይመስላቸዋል እያልን ቀለድንበት። ክሊኒክ ሄደች፣ ተመረመረች፣ ሱከር ተገኘባት። ሜትፎርሚን ተሰጣት። ሁሉም ነገር የተጻፈው በእኔ ቁጥር ነው።

ከዚያ እኔ መካ ሥራ አገኘሁና ሄድኩ፣ አዚዚያ። የክሊኒኩ መልእክት በእኔ ስልክ ይመጣ ጀመር። «የስኳር ክትትል ቀጠሮዎ ነው» የሚል። የመጀመሪያውን ላኩላት። ሁለተኛውንም። ሦስተኛው በሐጅ ሰሞን መጣ፣ ቤቱ እንግዳ ሞልቶት እንቅልፍ እንኳ አልነበረኝም፣ አጠፋሁት። አራተኛውን ሳላነብ አጠፋሁት። እሷም ድጋሚ ለመጠየቅ አፈረች። መድኃኒቱ አለቀ፣ ዝም አለች። ከወራት በኋላ ኩሽና ውስጥ ወደቀች። ማዳሟ አምቡላንስ ጠራች። ሆስፒታል ስትደርስ በራሷ ቁጥር ቢከፈት ባዶ ነው። ማዳሟ «ምንም በሽታ የለባትም» አለች፣ ስለማታውቅ። እርግጥ ደሟን ሲለኩት ስኳሩ ታወቀ። ግን መቼ እንደጀመራት፣ ምን ስትወስድ እንደነበር፣ የሚናገር ሰው አልነበረም። አሥራ አንድ ቀን ተኛች። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ያን ጊዜ አዋጥታችኋል፤ ለምን እንደታመመች ግን አልነገርኳችሁም። አሁን ነገርኳችሁ።

እኔስ? ባለፈው ዓመት ሐሞቴን አሞኝ ሄድኩ። ዶክተሩ ስክሪኑን እያየ «የሱከር መድኃኒትሽን ትወስጃለሽ?» አለኝ። ሱከር የለብኝም አልኩ። አረብኛው ያልገባኝ መሰለውና ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። አንዷ ፊሊፒናዊት ነርስ ጣቴን ወግታ ስትለካኝ ደህና ሆነ። ያኔ ነው ቀና ብሎ ያየኝ። ምን ልበለው? እውነቱን ብናገር እኔም እሷም እንጠየቃለን። «ስህተት ነው» አልኩ። የተጻፈው አይጠፋም ብሎ ከሥሩ ማስታወሻ ጨመረበት። እስከ ዛሬ በሄድኩበት ሁሉ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሱከር ይላል። ጊዜ ያጣ ሐኪም የሚያነበው ደግሞ የመጀመሪያውን ገጽ ነው። ነገ ራሴን ስቼ ብሄድ፣ ማስታወሻው ድረስ ወርዶ የሚያነብልኝ ማነው?

ስለዚህ ጽሑፍ ይብዛ ወይስ ይቅር ስትሉኝ፣ እኔ የማይረባው ይቅር፣ የሚያድነው በትክክል ይጻፍ እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 ሐጅ ላይ በነበረው ሙቀት የሳዑዲ መንግሥት 1,301 ሰዎች መሞታቸውን ተናግሯል፣ 83 በመቶው ያለ ፈቃድ የገቡ ነበሩ። ብዙዎቹ ማንነታቸውን የሚገልጽ ወረቀት ስላልነበራቸው እነማን እንደሆኑ ለማወቅ እንኳ ጊዜ ወሰደ። መካ ያላችሁ ታስታውሱታላችሁ።

ኢቃማችሁን አታውሱ፣ አትዋሱ። ገንዘብ ከቸገረ ማኅበሩ አለ፣ እቁባችንም አለ፣ ከዚያ እንጀምር።

ሁለተኛው ነገር ወረቀቱ ነው። ከነርሷ እህታችን ጋር አንድ ገጽ አዘጋጅተናል፣ በአረብኛና በእንግሊዝኛ። ስማችሁ ልክ ኢቃማው ላይ እንዳለው ይጻፍበታል። ፓስፖርታችን ላይ አንድ፣ ኢቃማችን ላይ ሌላ የሆነብን ብዙዎች ነን፣ የልደት ቀናችንም ግማሾቻችን ጃንዋሪ 1 ነው፣ ስለዚህ ቁጥሩ ዋና ነው። ከዚያ ያለባችሁ በሽታ። ሱከር፣ ደግጥ፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ ምንም ቢሆን። የምትወስዱት መድኃኒት ከነመጠኑ፤ ስሙን ካላወቃችሁ ካርቶኑን ይዛችሁ ኑ። ሐሳሲያ ያለባችሁ፣ ማለት መድኃኒት የማይስማማችሁ፣ በቀይ እንጽፈዋለን። የደም ዓይነት ተመርምራችሁ ካላወቃችሁ ባዶ ይቀመጥ፣ በግምት አትጻፉ። ነፍሰ ጡር የሆነች ደግሞ አፍ ብትፈራ እንኳ ለዶክተሩ ትናገር፣ የሚሰጣት መድኃኒት በዚያ ይወሰናል።

ዶክተሩ ፊት ስትቀመጡ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አድርጉት። አሥር ጥያቄ ትቀንሱለታላችሁ፣ ያ ጊዜ ለእናንተ ይሆናል። ከዚያ ዋናውን ቅድሚያ ተናገሩ። እኛ እኮ ስንጀምር «ሰውነቴን ሁሉ ያመኛል» ነው የምንለው። ከየት ጀምሮ ይጻፈው? የት እንደሚያማችሁ፣ ከስንት ቀን ወዲህ እንደሆነ፣ ምን ሲያደርጉ እንደሚብስ። ከመውጣታችሁ በፊት «ምን ብለህ ጻፍክ?» በሉት። የሚቆጣ አለ፣ ብዙዎቹ ግን ይነግሯችኋል። ስልካችሁ ላይ ሲሃቲ መክፈት የምትችሉ የራሳችሁን መረጃ እዚያ እዩ፣ ያልሆነ ነገር ካያችሁ ቶሎ ተናገሩ። ለምክር 937 የጤና ሚኒስቴር ነው፣ ለአምቡላንስ 997።

ጓደኛዬ ዛሬ ሥራ ላይ ናት፣ ማዳሟ ጁምዓ አትሰጣትም። መድኃኒቷን ግን በራሷ ስም ትወስዳለች፤ ይህን እንድናገርም ፈቅዳልኛለች። ወረቀቶቹ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። መጻፍ የምትችሉ ለማትችሉት ጻፉላቸው፤ እስክሪብቶ አምስት ብቻ ስለሆነ ስትጨርሱ መልሱ።