እስኪሳፈሩ ድረስ፦ የመሐንዲስ የመጠበቂያ ሰዓት



ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ሊገባ የሚሻ ሰው መጀመሪያ ጀርባውን ለአዲስ አበባ መስጠት ይኖርበታል። ፍኖተ ሰላምም ሆነች ቡሬ መደበኛ የመንገደኞች በረራ የሌላቸው ከተሞች ስለ ሆኑ፣ ለአካባቢው መንገደኛ የአየር በር ሆኖ የኖረው የባሕር ዳሩ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ይህም ከፍኖተ ሰላም ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከቡሬ ደግሞ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ይርቃል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። መንገዱ ክፍት በሆነበት ቀን መኪናው ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር ለመድረስ አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ መንገደኛው ከበረራው ሁለት ሰዓት ቀድሞ መገኘት አለበት፤ በረራው ራሱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ዕቃ ተረክቦ ከቦሌ ወደ ቤቱ ወይም ወደ መሥሪያ ቤቱ ለመግባት አንድ ሰዓት ተኩል ቢታሰብለት ድምሩ ስምንት ሰዓት ተኩል ይሆናል። በአየር ላይ የዋለበት ጊዜ ከዚህ ውስጥ ከስምንት አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ያው ሰው በደብረ ማርቆስና በዓባይ በረሃ በኩል በየብስ ቢጓዝ 390 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ የሚጨርሰው ከዚህ እምብዛም ባልራቀ ጊዜ ነው። እንግዲህ አውሮፕላኑ ለዚህ መንገደኛ ቀኑን አላሳጠረለትም። የሰጠው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ከመኪና መንገጫገጭ ተላቆ፣ ሁለት እጁ ነጻ ሆኖ፣ በወንበር ላይ የሚቀመጥበትን ሁለት ሰዓት ነው። የትኬቱ ዋጋ ከፊሉ የተከፈለው ለዚሁ ሰዓት መሆኑን የሚያስተውል ግን ጥቂት ነው።

ጉዳዩ የብዙ አባላትን ኑሮ የሚነካ ነው። በቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርኩና የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካው በ2013 ዓ.ም. ከመመረቃቸው በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ፣ ለመንገድ፣ ለውኃ፣ ለመብራትና ለሕንፃ ሥራ ወደዚያ አገር የተመላለሰው መሐንዲስ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። እያንዳንዱም በምልልሱ የጠበቀባቸው ሰዓታት ቢደመሩ ወራት ይወጣቸዋል።

ሁሉም መጠበቅ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ወደ ሥራው ቦታ የሚሄደው መሐንዲስ በቦሌ አዳራሽ ሲቀመጥ በእጁ ያለው ወረቀት ነው፤ ሥዕሉን፣ ያለፈውን ወር የክፍያ ሰርተፊኬት፣ ለሥራ ተቋራጩ የተጻፈውን ደብዳቤ። ይህን በቢሮው ሊያነበው ይችል ነበር፤ በአዳራሹ ቢያነበው መልካም ነው፣ ባያነበውም ጉዳቱ ከባድ አይደለም። ከሥራው ቦታ የሚመለሰው ግን በራሱ ውስጥ የያዘው ገና ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ነገር ነው። በሦስተኛው አግዳሚ ላይ ያየው ስንጥቅ፣ ፎርማኑ በአፉ የነገረው የፌሮ እጥረት፣ ዝናቡ ሥራውን ያቋረጠበት ሰዓት፣ ቀያሹ «ይህቺ ቁጥር አልመጣችልኝም» ያላት ነጥብ፣ ይህ ሁሉ በባሕር ዳር አዳራሽ ውስጥ ገና ትኩስ ነው። አዲስ አበባ ሲደርስ ስብሰባው፣ ስልኩና የቤቱ ጉዳይ ይቀበሉታል፤ በሦስተኛው ቀን የሚቀረው ፍሬ ነገሩ ብቻ ነው፣ ቀኑና ሰዓቱ ይጠፋል።

ቀኑና ሰዓቱ ደግሞ ገንዘብ ነው። በአገራችን በብዙ ውሎች መሠረት ሆኖ ያገለገለው የፊዲክ ቀይ መጽሐፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው እትሙ አንቀጽ 20.1 ላይ፣ ሥራ ተቋራጩ ተጨማሪ ጊዜ ወይም ክፍያ የሚጠይቅበትን ምክንያት ካወቀበት ወይም ሊያውቅ ይገባው ከነበረበት ዕለት አንሥቶ በ28 ቀናት ውስጥ ካላስታወቀ መብቱን እንደሚያጣ ይደነግጋል። በተቆጣጣሪው ወገን ያለውም መሐንዲስ ጥያቄውን የሚመዝነው በዚያን ዕለት በጻፈው ማስታወሻ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከትዝታ ተለቅሞ የተሞላ የሥራ መዝገብ በክርክር ፊት ምን ያህል ክብደት እንዳለው የግልግል ጉባኤ የቀመሱ ሰዎች ያውቁታል። የቀለሙ አንድ ዓይነት መሆን ብቻውን ይመሰክርበታል። ስለዚህ በመልሱ ጉዞ ከሁለቱ ሰዓት የመጀመሪያዋ አርባ ደቂቃ ለሥራ መዝገቡ ብትሰጥ፣ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

አሁን ደግሞ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ መናኸሪያው መለስ ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በምዕራብ ጎጃም የሚሠራ ሰው አብልጦ የሚጠብቀው በዚያ ነው። አውሮፕላን ሞላም ጎደለም ሰዓቱ ሲደርስ ይነሣል። የመናኸሪያው መኪና ግን የሚነሣው ሲሞላ ነው። ረዳቱ «ሁለት ሰው ብቻ ነው የቀረን!» እያለ ሲጣራ ያ ሁለት ሰው የትኛው ሁለት ሰው እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም። ሆኖም ነገሩ ከስሌት ውጭ አይደለም። መኪናው 12 ሰው የሚይዝ ቢሆንና በየአምስት ደቂቃው አንድ ሰው ቢመጣ፣ መጀመሪያ የገባው 55 ደቂቃ ይጠብቃል፤ የመጨረሻው ምንም አይጠብቅም፤ አማካዩ 27 ደቂቃ ተኩል ነው። ባዶ መኪና ውስጥ ቀድሞ የገባ መሐንዲስ እንግዲህ ወደ አንድ ሰዓት የሚጠጋ ሥራ መክፈት ይችላል፤ አሥረኛ ሆኖ የገባው ግን ደብተሩን ባያወጣ ይሻለዋል። ይህን ያህል ቀላል ስሌት የሚሠራ ሰው አለመኖሩ ያስደንቃል፤ ሁሉም እኩል ይቆጣል።

የወረፋ ሳይንስ ራሱ የተወለደው ከእንዲህ ያለ ተራ ጉዳይ ነው። ዴንማርካዊው ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1909 ያሳተመው ጥናት የኮፐንሃገን ስልክ ደዋዮች የሚጠብቁበትን ሁኔታ የሚመለከት ነበር። አሜሪካዊው ጆን ሊትል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጠው ሕግ በአንድ መሥመር ይጻፋል፤ በአማካይ የሚጠብቀው ሰው ብዛት በደቂቃ የሚገባው ሰው ቁጥር እያንዳንዱ በሚቆይበት ደቂቃ ሲባዛ የሚገኘው ነው። በደቂቃ ሁለት መንገደኛ የሚገባበትና እያንዳንዱ 90 ደቂቃ የሚቆይበት አዳራሽ 180 ሰው ይይዛል ማለት ነው። አዳራሽ የሚነድፉ ባልደረቦች ይህን ቁጥር ለወንበር ያውሉታል፤ ደብተር የሚዘረጋበት ገበታ ግን ከስንት አንድ ነው የሚታሰበው።

የገጠሩ ሰው መፍትሔ ከዚህ የበለጠ ጥበብ አለው። በወፍጮ ቤት ደጅ ወረፋ የሚይዘው ጆንያው ነው፤ በውኃ ቦኖም ጄሪካኑ። ባለቤቱ ጆንያውን አሰልፎ ገበያውን ገብይቶ፣ ዘመድ ጠይቆ ይመለሳል። ሰውየውን ከወረፋው የመለየት ዘዴ ባንኮች በቁጥር ወረቀት ያመጡት ገና ትናንት ነው። በአውሮፕላን ማረፊያ ግን ጆንያው መንገደኛው ራሱ ነው፤ ትቶ መሄድ አይችልም። ስለዚህ የሚያስፈልገው ከተቀመጡበት ሳይነሡ የሚሠራ፣ ባቋረጡት ጊዜ የማይበላሽ ሥራ ነው። እናቶቻችን እንዝርቱን የመረጡት ለዚህ ነበር፤ በገበያ መካከል፣ ልጅ እየጠበቁ ይፈተላል፤ ሲጠሩ ይቀመጣል፤ ፈትሉ ከቆመበት ይቀጥላል። የጎጃም የቅኔ ተማሪም ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ከመዝረፉ በፊት ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ብራናም ብዕርም አይሻም። መሐንዲስም ለመጠበቂያው ሰዓት የሚመርጠው ሥራ እንደ እንዝርቱ ቢሆን ይመረጣል። የፌሮ ዝርዝር ማመሳከር፣ የልኬት ድምር ዳግመኛ መደመር፣ የደብዳቤ ረቂቅ መጻፍ ለዚህ ይመቻሉ። አዲስ ንድፍ መጀመር አይመችም፤ ማጉያው በጮኸ ቁጥር የሐሳቡ ክር ይበጠሳልና።

ከሁሉ ይልቅ ግን በዚያ አገር መናኸሪያና አዳራሽ ውስጥ የሚገኘው ሀብት ከጎን የተቀመጠው ሰው ነው። ይህ የጨዋነት ንግግር አይደለም፤ የውኃ ምሕንድስና ጉዳይ ነው። ተምጫ፣ ብርና ፈጠም የታወቁ ወንዞች ናቸው፤ ወደ እነርሱ የሚገቡት ትናንሽ ጅረቶች ግን አብዛኞቹ የውኃ መጠን መለኪያ ተተክሎባቸው አያውቅም። ከልቨርቱን የሚነድፈው መሐንዲስ የዝናቡን መጠን፣ የተፋሰሱን ስፋትና የአፈሩን ጠባይ በቀመር አባዝቶ አንድ ቁጥር ያወጣል፤ ቁጥሩ እውነት መሆኑን የሚመሰክርለት መዝገብ ግን የለም። ምስክሩ ሰው ነው። በዚያ ጅረት ዳር ስድሳ ክረምት ያሳለፈ ገበሬ ውኃው የት ድረስ እንደ ወጣ ያውቃል።

አጠያየቁ ግን ዘዴ ይፈልጋል። «ውኃው ስንት ሜትር ከፍ ይላል?» ብሎ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ እጅ ወደ ላይ ዘርግቶ «ኧረ ይኸን ያህላል!» የሚል ነው፤ ይህም ለአክብሮት እንጂ ለንድፍ አይሆንም። ጥሩ ጠያቂ መጀመሪያ ሰላምታውን አዳርሶ፣ ስለ አዝመራው ጠይቆ፣ ከዚያ «አባባ፣ ውኃው ሾላዋን ነክቷት ያውቃል? የቤተ ክርስቲያኑን መሻገሪያ ድንጋይስ ውጦት ያውቃል?» ይላል። የሚታይና ያልተንቀሳቀሰ ምልክት መጠየቅ ነው ቁም ነገሩ። ዘመኑንም በቁጥር ከመጠየቅ ይልቅ ከታወቀ ነገር ጋር ማያያዝ ይሻላል፤ ከ1977ቱ ድርቅ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ ደርግ ከመውደቁ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ ልጃቸው ከመዳሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ እያሉ ማጥበብ ይቻላል። አንድ ሽማግሌ የነገሩትን ሌላ፣ ከማዶ የሚኖር ሰው ካጸናው ቀያሹ በሚቀጥለው ጉዞ ሌቭሉን ይዞ ሾላዋ ሥር ይቆማል። ሁለት ምስክሮች የተስማሙበት የውኃ ምልክት ከቀመሩ ውጤት አንድ ሜትር ከፍ ብሎ ቢገኝ፣ መመርመር የሚኖርበት ቀመሩ ነው። ይህ በእርግጥ በሁሉም ባልደረቦች ዘንድ ተቀባይነት የለውም፤ የሽማግሌ ትዝታ ያጋንናል የሚሉ አሉ። ያጋንናል፤ ነገር ግን ክረምት ገብቶ ከልቨርቱን ውኃ ሲዘልለው፣ መሙያውን አፈር ጠርጎ መንገዱን ሲቆርጠው፣ ወላድ ሴት በወሳንሳ ከማዶ ስትቀር የሚታየው የተጋነነው ሳይሆን ያነሰው ቁጥር ነው።

ስለ ጥንቃቄም ጥቂት ማንሣት ይገባል። የጨረታ ዋጋ በአዳራሽ ውስጥ አይዘረጋም፤ የባሕር ዳር በረራ ትንሽ ነው፣ ከኋላው ወንበር ላይ የተቀመጠው ተወዳዳሪው ሊሆን ይችላል። ነጠላ ዋጋ በስልክ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰውም አልታጣም። ደግሞም ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥቶ የመጣ ሰው ቢተኛ ሥራ እንደ ፈታ አይቆጠር። በደከመ ራስ የተሠራ የልኬት ድምር ነገ ሌላ ሰው ግማሽ ቀን ፈጅቶ የሚያርመው ዕዳ ነው።

ይህ ሁሉ የተባለው ግን ልኩ ስለሚታወቅ መጠበቅ ነው። ስሟ የሰላም መንገድ ማለት በሆነው ከተማና በዙሪያዋ፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ሌላ ዓይነት መጠበቅ መጥቷል። በዚያው ዓመት በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ መጀመሪያ ወደ ባሕር ዳር የሚደረገው በረራ ለቀናት ተቋርጦ ነበር፤ መንገዱም በየጊዜው ሲዘጋና ሲከፈት ቆይቷል፤ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት በክልሉ ለወራት ጠፍቶ ነበር። ለሁለት ሰዓት የተሰናዳ ሥራ ለሁለት ሳምንት አይበቃም፤ በስልክ ውስጥ የተቀመጠ ሥዕልና መዝገብም መረብ ከሌለ ለፎርማኑ አይደርሰውም። የታተመ ወረቀትና ባለ ጠንካራ ልባስ ደብተር ዋጋቸው የታወቀው በዚያን ጊዜ ነው።

በእንዲህ ያለ ጊዜ አርማታው መሐንዲሱን አይጠብቅም። ዛሬ የተሞላው ዓምድ ናሙና በሰባተኛውና በ28ኛው ቀን መሰበር አለበት፤ መንገዱ ተዘግቶ መሐንዲሱ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ቢቀርም ቀኑ ይደርሳል። ከሥራው ቦታ የሚነሣ ሰው፣ እመለሳለሁ ብሎ ያሰበው ነገ ቢሆን እንኳ፣ የናሙናዎቹን ቁጥር፣ የተሞሉበትን ቀንና የሚሰበሩበትን ቀን በሁለት ቅጂ ጽፎ አንዱን ለፎርማኑ ይስጥ፤ ሌላውን በደብተሩ ውስጥ ይያዝ። በመናኸሪያው መኪና ውስጥ አምስተኛ ሆኖ ከገባ ለዚህ የሚበቃ ጊዜ አለው።