ሙቅ ውሃ ብረትን እንዴት ይበላል?



ብረትን የሚበላው ዝናብ ብቻ አይደለም። በሙቅ ውሃ ቧንቧ ውስጥ ውሃው ከብረቱ ጋራ ተዋሕዶ ማግኔታይት የተባለ ጥቁር ቅርፊት ያበጃል፤ ቅርፊቱም ለብረቱ ልብስ ይሆነዋል። ውሃው በኃይል ሲሮጥና ሲሽከረከር ግን ልብሱን እያሟሟ ይወስድበታል፤ ብረቱም ሌላ ለመልበስ ከገላው ይቈርሳል።

በጃፓን አገር፥ በሚሃማ የአቶም ኤሌክትሪክ ማመንጫ፥ በነሐሴ 1996 ዓ.ም. የፈነዳው ቧንቧ እንዲህ ያለቀ ነበር። ሲተከል ውፍረቱ 10 ሚሊሜትር፤ ሲቀደድ በሳሳው በኩል 0.4 ብቻ። ከሚመረመሩት ዝርዝር ስለ ተዘለለ በ27 ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አልተለካም። 5 ሠራተኞች ሞቱ፤ የገደላቸውም ሰው ሁሉ የሚፈራው የአቶም ጨረር ሳይሆን ተራ ትኩስ ውሃና እንፋሎት ነው። ብረቱ ሲሠራ ጥቂት ክሮሚየም ቢገባበት ኖሮ ቅርፊቱ ይህን ያህል ባልሟሟ ነበር።