ጉርሻ ስጦታ ነው ወይስ ደመወዝ?



ለአሳላፊ የሚሰጠውን ገንዘብ ጉርሻ ማለታችን ከገበታ የመጣ ነው። ሰው በፍቅር ያጎርሳል፤ ባይጎርስም እንግዳው ጦሙን አያድርም፤ እንጀራው ከፊቱ ነውና። በአሜሪካን አገር ግን ጉርሻው ራሱ እንጀራ ሆኗል። የፌዴራሉ ሕግ ጉርሻ ለሚቀበል ሠራተኛ አሠሪው በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ብቻ እንዲከፍል ይፈቅድለታል፤ ይህም ልክ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ፈቀቅ አላለም። ከጉርሻው ጋራ ተደምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ካልደረሰ ጉድለቱን አሠሪው ይሙላ ይላል። (ካሊፎርኒያን የመሳሰሉ ጥቂት ግዛቶች ይህን ቅናሽ አይፈቅዱም።) ስለዚህ በዚያ አገር በሒሳቡ ላይ ከመቶ 15 ወይም 20 ሳይጨምር የሚወጣ ተመጋቢ፥ ስጦታ ነፈገ ሳይሆን የሰው ደመወዝ ይዞ ሄደ ይባላል። ወደዚያ ተሻግረው በምግብ ቤት የሚያገለግሉ ወገኖቻችን ይህን አሳምረው ያውቁታል።

ጉርሻ ከቀረ ትጋት ይቀራል የሚሉ ጓደኞች አሉን። በጃፓን አገር ጉርሻ መስጠት ልማድ አይደለም፤ ጠረጴዛ ላይ ገንዘብ ትቶ የወጣውን እንግዳ አሳላፊው የረሳ መስሎት ሮጦ ሊመልስለት ይችላል። ታዲያ በትጋት የጃፓንን አሳላፊ ማን ይነቅፈዋል?

በፈረንሳይ የአገልግሎቱ ዋጋ በምግቡ ዋጋ ውስጥ ገብቶ ይከፈላል። እኛ ይህን እንመርጣለን፤ በዚያ ሳንቲም የሚተው ሰው እንደ አገራችን አጉራሽ ወዶ ይሰጣልና።