በአየር ጉዞ ካሜራን ከሌባ ስለ መጠበቅ



በዛሬው ንግግራችን የምናወሳው ካሜራ ይዘን በአውሮፕላን ስንጓዝ ንብረታችን ከሌባ እጅ ስለሚድንበት ዘዴ ነው።

ለአዲስ አበባ ሰው ስለ ሌባ መንገር ለቀባሪ እንደ ማርዳት ሊቈጠር ይችላል። በፒያሳ ያደገ ሰው በግፊያ መካከል ሲያልፍ እጁን ከኪሱ ላይ ማኖርን ማንም ሳያስተምረው ያውቃል፤ «አራዳ» የሚለው የሰፈር ስምም የንቁ ሰው መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል። ነገር ግን ይኸው ንቁ ሰው ቦሌ ሲደርስ ጥበቃውንና ፍተሻውን አይቶ ልቡን ያሳርፍና ውድ ዕቃውን ከልብሱ ጋር ጠቅልሎ ለጭነት ይሰጣል። ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው፤ ለጭነት የተሰጠ ሻንጣ ባለቤቱ በማያየው መንገድ በብዙ እጅ ያልፋልና።

ጥንት ይህ ሥጋት እምብዛም አልነበረም። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ በነበረ ጊዜ፣ የባለሙያ ካሜራ በሦስት እግር የሚቆም ትልቅ የእንጨት ሣጥን ስለ ነበር ይዞ ለመሮጥ አይመችም ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ካደረገ ወዲህ ግን መንገዱም አጠረ፤ ዕቃውም አነሰ። ዛሬ አንድ ሌንስ ከካፖርት ኪስ ይገባል፤ ዋጋው ግን የአንድን ሠራተኛ የብዙ ወር ደመወዝ ይውጣል።

እንግዲህ ምን ማድረግ ይገባል?

አንደኛ፤ ካሜራና ሌንስ ከባለቤቱ እጅ አይለዩ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ ማዕረግ የሚፈቅደው የእጅ ሻንጣ 7 ኪሎ ስለ ሆነ፣ መንገደኛው ከቤቱ መዝኖ ይነሣ። ቢበዛበት የካሜራውን መቆሚያ ለጭነት ይስጥ፤ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ ግን እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ለጭነት መስጠት ክልክል ነው።

ሁለተኛ፤ አውሮፕላኑ ሞልቶ የእጅ ሻንጣውን በበሩ ላይ እንዲያስረክብ ቢጠየቅ፣ ካሜራውን፣ ባትሪውንና ሚሞሪ ካርዱን አውጥቶ ይያዝ።

ሦስተኛ፤ በፍተሻ ጊዜ ተራው ሳይደርስ ሻንጣውን ወደ ማሽኑ አይስደድ፤ ዕቃው ቀድሞ ወጥቶ ባለቤቱ ከኋላ ሲቀር ለሌባ ይመቻልና።

አራተኛ፤ የካሜራውንና የሌንሱን መለያ ቁጥር ከደረሰኙ ጋር ጽፎ በቤቱ ያስቀምጥ። ቁጥሩን የማያውቅ ሰው ለፖሊስ ቢያመለክት «ጥቁር ካሜራ ጠፋብኝ» ከማለት በቀር የሚለው የለውም።

አምስተኛ፤ ያነሣቸውን ሥዕሎች በየማታው ወደ ሌላ ካርድ ይገልብጥ፤ ሁለቱንም ካርዶች ከአንድ ቦርሳ አያኑር። ካሜራ ቢሰረቅ በገንዘብ ይተካል፤ በ2016 ዓ.ም. የፈረሱት የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሥዕል ያለበት ካርድ ቢሰረቅ ግን፣ ቤቶቹ እንደ ገና ቆመው ፎቶግራፍ አይነሡም።

«ቢጠፋ አየር መንገዱ ይከፍላል» የሚልም ሰው አይታጣም። እ.ኤ.አ. በ1999 በሞንትሪያል የተፈረመው ስምምነት ለአንድ መንገደኛ ሻንጣ ጠቅላላ የካሣ ወሰን አበጅቷል፤ ይኸውም ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ 2,000 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነው። ዋጋው ከዚህ የበለጠ ዕቃ የሚያስጭን ሰው አስቀድሞ ዋጋውን ማስታወቅና ተጨማሪ ክፍያ ቢጠየቅ መክፈል አለበት። በሻንጣው ላይ ጉዳት ያገኘም ከተረከበበት ቀን አንሥቶ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ይገባዋል።

በተለይ ለሥራ የሚላክ የመንግሥት ሠራተኛ ይህን ያስብ። በእጁ ያለው ካሜራ በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ የሰፈረ የሕዝብ ንብረት ነው፤ ቢጠፋ የሚጠየቀው ፈርሞ የተረከበው ሰው ነው።

በመጨረሻም ለገዢው አንድ ቃል አለን። ሌባ የሚበረታው ገዢ ሲያገኝ ነው። በፒያሳም ሆነ በሌላ ሥፍራ ደረሰኝ የሌለው ካሜራ በርካሽ ሲቀርብልን፣ ከዋጋው በፊት የመጣበትን እንጠይቅ። የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛት በወንጀል ሕጋችን ያስቀጣል፤ ከቅጣቱም በላይ የአንድን ባለሙያ እንጀራ መብላት ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ከጠፋ በኋላ ከማልቀስ አስቀድሞ መጠንቀቅ ይሻላል።