መሪው ሲያላዝን

ጠዋት ከግቢ ለመውጣት መሪውን ስትጠመዝዙ መኪናዋ እንደ ውሻ የምታላዝንባችሁ፣ ዛሬ ጆሯችሁን አውሱኝ።

ላዳ ታክሲ ሲነዱ የኖሩ ሰዎች ይህን ችግር አያውቁትም። የላዳ መሪ የሚዞረው በክንድ ጉልበት ነበር፤ ረዳትም የለው፣ ጩኸትም የለው። ክንዳችንን ያሳረፈልን ፓወር ስቲሪንግ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ሞተሩ በቺንጋ አንድ ትንሽ ፓምፕ ያዞራል። ፓምፑ ከማጠራቀሚያው ዘይት ይስብና በከፍተኛ ግፊት ወደ መሪው ማርሽ ይልከዋል፤ ዘይቱ ጎማውን በመግፋት ካገዛችሁ በኋላ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። ክራይስለር በ1951 በፈረንጆች አቆጣጠር በኢምፔሪያል መኪናው ላይ ለገበያ ካቀረበው ጀምሮ ሐሳቡ ያው ነው። እንደ ቪትዝ ያሉት በኤሌክትሪክ የሚታገዙ ናቸውና ዘይት የላቸውም። ኮፈኑን ከፍታችሁ የመሪ ዘይት ማጠራቀሚያ ካጣችሁ የዛሬው ወሬ አብዛኛው እናንተን አይመለከትም።

አሁን አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። ጋራዥ በጀመርኩበት ሰሞን አንድ ደንበኛ አሮጌ ኮሮላ ይዞ መጣ። መሪውን አንዴ አዙሬ ሰማሁና «ፓምፑ አልቆለታል» አልኩት። ሰውዬው ያገለገለ ፓምፕ ገዝቶ አመጣ፤ ገጠምኩለት። መኪናዋ ከበር ሳትወጣ ያው ልቅሶ! ለካ ከማጠራቀሚያው ወደ ፓምፑ የሚወርደው ቱቦ ጫፉ ደርቆ፣ ማሰሪያው ላልቶ ኖሯል። ችግሩ የጥቂት ብር ማሰሪያ ነበር።

እንዴት አላየሁትም? ዘይት ስለማይንጠባጠብ ነው። ይህ ቱቦ ዘይት የሚሳብበት መስመር ነው። በተሰነጠቀ ስትሮ ለስላሳ የጠጣ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ መጠጡ በስንጥቁ አይፈስም፣ አየር ነው ተንፎልፉሎ የሚገባው። ሞተሩ ሲሠራ ፓምፑ ዘይቱን ከነአየሩ ይስባል፤ አረፋው በግፊት ሲፈነዳ ያ ልቅሶ ይወጣል። ከፓምፑ ወደ መሪው የሚሄደው ቱቦ በተቃራኒው ግፊት ስላለበት፣ ሲቀደድ ወደ ውጭ ይተፋል፤ መሬቱ ላይ ታዩታላችሁ። አታላዩ የመጀመሪያው ነው።

ስለዚህ በፓምፑ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ዘይቱን እዩ። በማጠራቀሚያው ላይ ባሉት ምልክቶች መካከል መሆን አለበት፤ የሞቀ ሞተርና የቀዘቀዘ ሞተር ምልክታቸው ይለያያል። ቀዩ ዘይት ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ አርጅቷል። አረፋ ከያዘ ወይም ወተት የተቀላቀለበት ከመሰለ አየር ገብቶበታል። እኔ በጣም የምወደው ምርመራ ደግሞ ይህ ነው፤ ሞተሩ እየሠራ የዘይቱን ከፍታ ልብ በሉና አጥፉት። ከፍታው ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከጨመረ ውስጡ አየር አለ ማለት ነው፤ ተጨምቆ የነበረው አየር ግፊቱ ሲለቀው ይነፋል። በአንዳንድ መኪኖች ከማጠራቀሚያው ሥር ቀጭን ወንፊት አለ። እሱ በቆሻሻ ሲደፈንም ፓምፑ ይጠማና ያው ድምፅ ይሰማል።

ቱቦውን ወይም ማሰሪያውን ከቀየራችሁ በኋላ አየሩ መውጣት አለበት። የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንሱ፤ በክሪክ ብቻ ግን አትመኑ፣ ጠንካራ የብረት ድጋፍ ከሥር አስገቡ። ድንጋይ ድጋፍ አይደለም። ሞተሩን ሳታስነሱ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ቀስ እያላችሁ አሥር፣ አሥራ አምስት ጊዜ አመላልሱት፤ አጠገባችሁ ያለ ሰው ዘይቱ በጎደለ ቁጥር ይጨምር። ከዚያ ሞተሩን አስነስታችሁ ድገሙት። አረፋው እምቢ ካለ መኪናዋን ለአንድ ሰዓት ተዉአትና ተመለሱ። በጥድፊያ የሚወጣ አየር የለም።

የዘይቱ ዓይነት ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ወይም መመሪያው ውስጥ ተጽፏል። በዘይት የሚታገዙት የቆዩ ቶዮታዎች ዴክስሮን የሚባለውን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይወስዳሉ፤ ሆንዳ ግን የራሱን ይፈልጋል። «ዘይት ዘይት ነው» ብሎ የፍሬን ዘይት የሚጨምር ሰው አጋጥሞኛል። ዘይቱን የሚያሽጉት ጎሚኒዎች በሙሉ አብጠው ተበላሹበት።

ይህን ሁሉ ጨርሳችሁ፣ ዘይቱ ንጹሕና ሙሉ ሆኖም መሪው ማላዘኑን ከቀጠለ፣ እሺ፣ ያኔ ፓምፑ ነው። አዲሱ ከመገጠሙ በፊት መስመሩ በሙሉ ይታጠብ፤ የአሮጌው ፓምፕ የብረት ብናኝ አዲሱንም ይበላዋል።

ሌሎቹን ድምፆች ቶሎ ልለፋቸው። ሞተሩ ሲነሳ ወይም መሪው ሲዞር ጆሮ የሚበሳ ሲጥታ ከሆነ ቺንጋውን ጠርጥሩ፤ ላልቷል ወይም ሆዱ እንደ መስታወት አብለጭልጯል። የምታዩት ግን ሞተሩ ጠፍቶ ነው፤ የነጠላ ጫፍና የሸሚዝ እጅጌ በቺንጋ ሲያዝ ቀልድ የለውም። መሪው ዳር ሲደርስ የሚሰማው «ሽሽ» ጤነኛ ነው፤ ትርፍ ግፊት የሚያስተነፍሰው ቫልቭ ተከፍቶ ነው። ብቻ እዚያ ከ5 ሰከንድ በላይ አትያዙት፤ ዘይቱ ይፈላል።

በጉድጓድ ስታልፉ ወይም መሪውን ስታዞሩ «ቋ! ቋ!» ካለ ግን ከዘይትም ከፓምፕም አይደለም። ከመሪው ወደ ጎማ የሚሄዱት ዘንጎች ጫፍ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ያ ጫፍ ከወለቀ መሪው እጃችሁ ላይ ሆኖ ጎማው በራሱ መንገድ ይሄዳል። እንዲህ የሚያንኳኳ መኪና ይዛችሁ፣ አደራ፣ ክፍለ ሀገር አትውጡ።