ሮቦት፣ እጅና ጣት፤ የሬክተም ካንሰር ቀዶ ሕክምና በጎንደር

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ከደባርቅ ወይም ከጃናሞራ ተነሥቶ ጎንደር የሚደርስ የሬክተም ካንሰር ሕመምተኛ ታሪኩ ሲጠየቅ የሚናገረው ለሐኪሞች አዲስ አይደለም። ደም ማየት ከጀመረ ወራት አልፈዋል፤ መጀመሪያ ኪንታሮት ነው ተብሎ የባህል መድኃኒት ተደርጎለታል፤ ቀጥሎም አሜባ ነው ተብሎ እንክብል ወስዷል፤ ከኀፍረት የተነሣ ለቤተሰቡ እንኳ ሳይናገር የቆየም አለ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጓንት አጥልቆ በጣቱ የመረመረው ባለሙያ አልነበረም። ከፊንጢጣ አፍ እስከ ሰባት ሳንቲሜትር ገደማ ድረስ ያለ እባጭ ግን በጣት ይዳሰሳል።

ስለ ሮቦት ለመናገር በተያዘ ሰዓት ከጣት መጀመር ያለ ቦታው የገባ ነገር ሊመስል ይችላል። ሆኖም የሁለቱ ዝምድና ከሚታሰበው በላይ የቀረበ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1908 እንግሊዛዊው ማይልስ ሬክተምን ከፊንጢጣው ጋር በሆድና በመቀመጫ በኩል ገብቶ የሚያወጣበትን ዘዴ አሳወቀ። ሕመምተኛው ቢድንም ዕድሜውን ሁሉ በሆዱ ግድግዳ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ፣ ማለት በኮሎስቶሚ፣ ይጸዳዳል። ካንሰሩም በዳሌው ውስጥ ደጋግሞ ያገረሽ ነበር። በ1982 የቤዚንግስቶኩ ሐኪም ሂልድ ምክንያቱን ገለጠ። ሬክተምን የሚከበው ስብ የራሱ ስስ ሽፋን አለው፤ ካንሰሩ በቅድሚያ የሚዛመተው በዚህ ስብ ውስጥ ነው፤ በሽፋኑና በዳሌው ግድግዳ መካከል ደግሞ ደም የማይፈስበት ስስ ወሰን ይገኛል። ያን ወሰን በዐይን እያዩ በመቀስ የተከተሉ እንደሆነ ስቡ ሳይቀደድ ከነካንሰሩ ይወጣል። ሂልድ በ1986 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ ከ115 ሕመምተኞች መካከል በአምስት ዓመት ውስጥ በዚያው ቦታ የማገርሸቱ መጠን ከአምስት በመቶ በታች ሆነ። ይህ ሁሉ የተገኘው በመቀስ፣ በጥሩ ብርሃንና በትዕግሥት ነው።

ሮቦት የተባለው መሣሪያ (ስሙ ብዙ ሰው አሳስቷል፤ በራሱ አይቀድምና) የሐኪሙን የእጅ እንቅስቃሴ እንደ አንጓ በሚታጠፉ ቀጫጭን መሣሪያዎች ወደ ሆድ ውስጥ የሚያስተላልፍ ነው። ጠባብ በሆነው የወንድ ዳሌ ውስጥ የተራው ላፓራስኮፒ ቀጥ ያለ ዘንግ በሚቸገርበት ስፍራ ይህኛው ይታጠፋል። በ2017 የታተመውና በ10 አገሮች 471 ሕመምተኞችን ያካተተው ጥናት፣ ቀዶ ሕክምናው ወደ ሰፊ ክፍት ቀዶ ሕክምና የተለወጠባቸው በሮቦት 8.1፣ በላፓራስኮፒ 12.2 በመቶ መሆናቸውን ቢያሳይም፣ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ አልጸናም። በ2025 የታተመው የቻይና ጥናት ግን በሦስት ዓመት ውስጥ በዳሌ የማገርሸቱን መጠን 1.6 እና 4.0 በመቶ አድርጎ ሮቦቱን አስቀድሟል። ስለዚህ ጥቅም የለውም ማለት አይቻልም፤ ዋጋው ግን ከአንድ ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ነው፤ መሣሪያዎቹም ከተወሰነ አገልግሎት በኋላ ይጣላሉ።

የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 ሲቋቋም፣ በዋዜማው ዓመት በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ፈጅቶ ነበር። የጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎች ወደ ገጠር እንዲወጡ የሠለጠኑት በዚሁ መንፈስ ነው። ለሬክተም ካንሰርም የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ባለሙያ ይኸው በወረዳ ጤና ጣቢያ የተቀመጠው ነው።

ዘግይቶ የመጣ ሰው ምርጫው ይጠብበታል። ጨረር ቀድሞ እባጩን ማሳነስ ቢያስፈልግ፣ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ውስጥ የጨረር ሕክምና የነበረው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ብቻ ስለ ነበር፣ የሰሜኑ ደገኛ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወረፋ ይጠብቅ ነበር። እባጩ ፊንጢጣውን ከያዘ ደግሞ ኮሎስቶሚው ቋሚ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለሚሳለም፣ ማኅበር ለሚጠጣ ገበሬ ይህ ከካንሰሩ ይልቅ የሚከብድ ሊሆን ይችላል፤ የሚታሰረው ከረጢት ከየት እንደሚገዛ ሳይነገረው ፈርም ቢባልና እምቢ ቢል አይፈረድበትም። ይህ ንግግር ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሊደረግ ይገባል፤ የትዳር ጓደኛውም በተገኘችበት።

የሥራውን ጥራት ለመመዘን ውድ መሣሪያ አያሻም። የሊድሱ ፓቶሎጂስት ክዌርክ ባልደረቦቹን ይዞ በ1986 እንዳሳየው፣ የወጣው አካል ዙሪያው ቀለም ተቀብቶ በስሱ ሲቆራረጥ ካንሰሩ ከጠርዙ ምን ያህል እንደራቀ ይታያል፤ ያልራቀ ከሆነ እንደሚያገረሽ ይጠበቃል። የስቡ ሽፋን ለስላሳና ሙሉ መሆኑን ወይም መቦጫጨቁን ደግሞ ዐይን ብቻ ይበቃዋል። በጎንደር የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ የወጣውን አካል ፎርማሊን ውስጥ ከመንከሩ በፊት ከፓቶሎጂስቱ ጋር ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ቢያየው፣ ፎቶግራፍም አንሥቶ ከካርዱ ጋር ቢያያይዘው፣ ከሚቀጥለው ሰኞ ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው።